«ለማሽን ይሰግዳሉ»፦ ስለ ሂንዱ እምነት በዕለት ተዕለት ንግግር የሚሰነዘሩ የተዛቡ አባባሎችና በአክብሮት የሚሰጥ ምላሽ

1. መንደርደሪያ

አንድ ሕዝብ የሌላውን ሕዝብ እምነት የሚጠራበት ቃል ከምን ይመነጫል? ቃሉ የተዛባ ሆኖ ሲገኝስ ተናጋሪውን ሳያዋርዱ፣ የተነገረበትንም ሳይበድሉ ማቃናት የሚቻለው እንዴት ነው? ይህ ጽሑፍ እነዚህን ሁለት ጥያቄዎች በአንድ ውሱን ጉዳይ ላይ ተመሥርቶ ለመመርመር ይሞክራል። ጉዳዩም በአዳማና በአካባቢዋ ስለ ሂንዱ እምነት ሲነሳ የሚሰማው አማርኛ ነው።

አዳማ ኢንዱስትሪ ፓርክ የተመረቀው በመስከረም 2011 ዓ.ም. ነው። ከዚያ ቀደም ብሎ በ2008 ዓ.ም. የሐዋሳው ፓርክ ተመርቆ ነበር። በቢሾፍቱም የህንዱ ካኖሪያ ኩባንያ የጂንስ ጨርቅ ፋብሪካ ተቋቁሟል። በአገራችን የጨርቃ ጨርቅና የልብስ ስፌት ፋብሪካዎች ከህንድ፣ ከስሪ ላንካና ከቻይና የመጡ ባለሙያዎች ከወጣት ሠራተኞቻችን ጋር ጎን ለጎን ይሠራሉ። በመሆኑም ቀድሞ በፊልምና በወሬ ብቻ የሚታወቀው የሂንዱ እምነት ዛሬ በስፌት መስመር ላይ፣ በምሳ ሰዓት፣ በሠራተኛ ማመላለሻ አውቶቡስ ውስጥ የሚያጋጥም የቅርብ ነገር ሆኗል።

በማታው መርሐ ግብር ከማስተምራቸው ተማሪዎች መካከል ቀን ቀን በፋብሪካ የሚሠሩ አሉ። በጽሑፍ ልምምዶቻቸውና በክፍል ውይይታችን ስለ ህንዳውያን የሥራ ባልደረቦቻቸው ሲያነሱ ሦስት አባባሎች ደጋግመው ይመጣሉ። አንደኛው «ለማሽን ይሰግዳሉ» ነው። ሁለተኛው «አማልክታቸው ስፍር ቁጥር የላቸውም» የሚል ነው። ሦስተኛው ሁላችንም ከልጅነት ጀምሮ የሰማነው «ላም ያመልካሉ» ነው። አባባሎቹ ብዙውን ጊዜ በክፋት አይነገሩም። ይሁን እንጂ የሚያስከትሉት ጉዳት ቀላል አይደለም። አንድ ተማሪዬ እንደ ጻፈው፣ ከሠራተኞቹ ጋር አብሮ ምሳ ይበላ የነበረ አንድ ህንዳዊ ተቆጣጣሪ ከጊዜ በኋላ ለብቻው መብላት ጀምሯል። ምክንያቱ ሲጣራ አማርኛ መልመዱ ሆኖ ተገኘ። «ጣዖት» የሚለውን ቃል ትርጉም ያወቀው በምሳ ጠረጴዛው ላይ ነበር።

የዚህ ጽሑፍ መነሻ ሐሳብ የሚከተለው ነው። ከእነዚህ አባባሎች አብዛኞቹ ሙሉ ለሙሉ ሐሰት አይደሉም፤ አንድ የታየ ድርጊትን ይዘው ይነሳሉ። መዛባታቸው ያለው በግሡ ውስጥ ነው። ግሡ ድርጊቱን በመግለጽ ፈንታ ይፈርድበታል። ስለዚህም በአክብሮት የሚሰጥ ምላሽ በመጀመሪያ የሚያደርገው ነገር መግለጫውን ከፍርዱ መለየት ነው። ይህ ደግሞ የቋንቋና የሥነ ጽሑፍ ተማሪ የዘወትር ሥራው ነው።

2. የስሞቹ ጉዳይ

ከግሦቹ በፊት ስሞቹን ማጥራት ያስፈልጋል። በዕለት ንግግራችን «ህንድ»፣ «ሂንዱ» እና «ሂንዲ» አንዱ ባንዱ እየተተካ ይነገራል። «ህንድ» አገር ነው፤ «ሂንዲ» ከአገሩ ቋንቋዎች አንዱ ነው፤ «ሂንዱ» የአንድ ሰፊ የእምነት ቤተሰብ አባል ነው። ሦስቱም ስሞች ግን ከአንድ ወንዝ የተቀዱ ናቸው። የሳንስክሪቱን «ሲንዱ» የጥንት ፋርሶች «ሂንዱ» እያሉ ይጠሩት ስለነበር፣ ስሙ በመጀመሪያ የሚያመለክተው ከወንዙ ማዶ ያለውን አገርና ሕዝብ እንጂ ሃይማኖትን አልነበረም። ከብዙ ዘመን በኋላ የእምነት መጠሪያ ሆነ። ከአማኞቹ ብዙዎቹ እምነታቸውን «ሳናታና ዳርማ» ይሉታል፤ ዘላለማዊ ሥርዓት እንደ ማለት ነው።

ህንዳዊ ሁሉ ሂንዱ አይደለም። እ.ኤ.አ. በ2011 በተካሄደው የህንድ የሕዝብ ቆጠራ መሠረት ከሕዝቡ 79.8 በመቶው ሂንዱ፣ 14.2 በመቶው ሙስሊም፣ 2.3 በመቶው ክርስቲያን፣ 1.7 በመቶው ሲክ ነው። ለእኛ አገር ታሪክ ይህ ልዩነት ባዳ አይደለም። በሃያኛው ክፍለ ዘመን መጀመሪያ በአዲስ አበባ ንግድ ስማቸው የገነነው የመሐመድ አሊ ኩባንያ ባለቤቶች ህንዳውያን ሙስሊሞች ነበሩ። በቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ዘመን በየጠቅላይ ግዛቱ ትምህርት ቤቶች ካስተማሩት ህንዳውያን መካከል ከኬረላ የመጡ ክርስቲያኖች ብዙ ነበሩ። የኬረላው የማላንካራ ኦርቶዶክስ ቤተ ክርስቲያን ከኢትዮጵያ ኦርቶዶክስ ተዋሕዶ ቤተ ክርስቲያን ጋር በአንድ የእምነት ኅብረት ውስጥ ያለ ሲሆን፣ እ.ኤ.አ. በ1965 በአዲስ አበባ በተካሄደው የምሥራቅ ኦርቶዶክስ አብያተ ክርስቲያናት ጉባኤ ተካፋይ ነበር። እንግዲህ «ህንዱ» መምህራችን በእሑድ ጧት ቅዳሴ ሲያስቀድስ ያየ የዚያ ዘመን ተማሪ፣ ህንድን ሁሉ ሂንዱ ነው ማለት እንደማይቻል ያለ መጽሐፍ ተምሯል።

ሂንዱ የሆነውም ቢሆን አንድ ወጥ አይደለም። እምነቱ አንድ መሥራች፣ አንድ የእምነት መግለጫ፣ አንድ የበላይ ጉባኤ የለውም። ቬዳዎች፣ ኡፓኒሻዶች፣ ራማያናና ማሃባራታ የመሳሰሉ እጅግ ሰፊ የጽሑፍና የቃል ቅርሶች አሉት፤ እነሱንም የየአካባቢው ሕዝብ በየራሱ መንገድ ይኖራቸዋል። ሥጋ የማይቀምስ ሂንዱ አለ፤ የሚበላም አለ። በምስል ፊት የሚጸልይ አለ፤ እ.ኤ.አ. በ1875 እንደ ተመሠረተው አርያ ሳማጅ ምስልን ጨርሶ የማይቀበል የሂንዱ ንቅናቄም አለ። ስለሆነም «ሂንዱዎች እንዲህ ናቸው» ብሎ የሚጀምር ዓረፍተ ነገር ገና ከመነሻው ጥንቃቄ ያሻዋል።

3. በጽሑፋችን ውስጥ ያለችው ህንድ

የህንድ እምነት በእኛ ሥነ ጽሑፍ ውስጥ የገባው ፋብሪካ ከመተከሉ ከብዙ መቶ ዓመታት በፊት ነው። እ.ኤ.አ. በ1553፣ በዐፄ ገላውዴዎስ ዘመን፣ የደብረ ሊባኖሱ እጨጌ እንባቆም «በረላም ወይዋሴፍ» የተባለውን መጽሐፍ ከዐረብኛ ወደ ግእዝ መለሱት። መጽሐፉ ጣዖት የሚያመልክና ክርስቲያኖችን የሚያሳድድ የህንድ ንጉሥ ልጅ፣ በረላም የተባለ መነኩሴ አስተምሮት ወደ ክርስትና እንደ መጣ፣ በኋላም መንግሥቱን ትቶ እንደ መነነ ይተርካል። አንባቢው ስለ ህንድ እምነት የሚያገኘው ሥዕል በአሳዳጁ ንጉሥና በጣዖቱ በኩል የተሣለ ነው። ህንዳዊው አማኝ በራሱ አንደበት ስለ ራሱ የሚናገርበት ቦታ እምብዛም የለም። በትረካ ጥናት ቋንቋ እንናገር ከተባለ፣ አንጻሩ በሙሉ የውጭ ተመልካች አንጻር ነው።

ሆኖም የዚህ መጽሐፍ ታሪክ በዚህ አያበቃም። የሥነ ጽሑፍ ታሪክ አጥኚዎች እንዳረጋገጡት፣ ቤተ መንግሥቱን፣ ምቾቱንና ዘውዱን ትቶ የመነነው ልዑል ታሪክ ሥሩ የቡድሃ የሕይወት ታሪክ ነው። «ቦዲሳትቫ» የሚለው የሳንስክሪት መጠሪያ በፋርስና በዐረብ በኩል ሲያልፍ፣ በዐረብኛም የአንዲት ፊደል ነጥብ ሲዛነፍ፣ «ዩዳሳፍ» ሆነ፤ በእኛ ዘንድ «ይዋሴፍ» ተባለ። የቡድሃ ትምህርት ከሂንዱ እምነት የተለየ መንገድ መሆኑ ሊዘነጋ አይገባም። ቢሆንም ሁለቱም የበቀሉት ከአንድ የህንድ አፈር ነው። እንግዲህ የህንድን እምነት ጣዖት ብሎ የሚነቅፈው መጽሐፋችን፣ የሚያወድሰውን ጻድቅ ያገኘው ከዚያው ከህንድ የእምነት ሥነ ጽሑፍ ነው ማለት ነው።

ይህን የምጠቅሰው እንባቆምን ለመውቀስ አይደለም። እርሳቸው የተረጎሙት መጽሐፍ በዘመኑ የክርስትናው ዓለም ሁሉ ያነበበው ነበር። ለማስገንዘብ የፈለግሁት፣ ስለ ሌላው እምነት ያለን ሥዕል ብዙ ጊዜ ከአማኙ ሳይሆን ከሦስተኛ ወገን በቅብብሎሽ የመጣ መሆኑን ነው። ዛሬ በምሳ ጠረጴዛ ላይ የሚሰማው «ጣዖት» ረጅም የትረካ ዘር አለው።

4. ሦስቱ አባባሎች ሲመረመሩ

4.1 «ለማሽን ይሰግዳሉ»

ይህን አባባል የወለደው ድርጊት በእርግጥ የሚፈጸም ነው። በህንድ ፋብሪካዎችና የእጅ ሙያ ቤቶች በዓመት አንድ ቀን ቪሽዋካርማ ፑጃ የሚባል በዓል ይከበራል። ቪሽዋካርማ በትውፊቱ የአማልክት ዐናጺና ባለ እጅ ነው። በዓሉ በአብዛኛው እ.ኤ.አ. መስከረም 17 አካባቢ፣ በእኛ አቆጣጠር ከአዲስ ዓመት በኋላ ባለው ሳምንት ይውላል። በደቡብ ህንድ ተመሳሳዩ በዓል አዩዳ ፑጃ ይባላል። በዕለቱ ማሽኑ ይቆማል፣ ይወለወላል፣ የአበባ ጉንጉን ይደረግለታል፣ በቀይ ወይም በቢጫ ዱቄት ምልክት ይደረግበታል፣ ጸሎት ይደረሳል፣ ጣፋጭ ይታደላል። ማሽን ብቻ አይደለም፤ ሾፌሩ መኪናውን፣ ሙዚቀኛው መሣሪያውን፣ ተማሪው መጽሐፉን ያስባርካል። ለእኛ ለመምህራን የቀረበው ይኸኛው ሳይሆን አይቀርም።

አማኙ ሲጠየቅ የሚሰጠው መልስ፣ እንጀራ የሚያበላኝን መሣሪያ አመሰግንበታለሁ፣ በዓመቱም ከአደጋ እንዲጠብቀኝ እለምናለሁ የሚል ነው። ጣት በመርፌ በሚወጋበት፣ እጅ በማሽን በሚያዝበት ሥራ ላይ ይህ ጸሎት ምን ማለት እንደሆነ ለማስረዳት ብዙ ቃል አያስፈልግም።

በምልክቶቹ መካከል አንዱ ብዙ ጊዜ ጥርጣሬ ይቀሰቅሳል። እሱም ስዋስቲካ ነው። የናዚ ፓርቲ እ.ኤ.አ. በ1920 ዓርማው አድርጎ ስለወሰደው፣ በማሽን ላይ ተሥሎ ያየው ሰው ሊደነግጥ ይችላል። በሳንስክሪት ግን ቃሉ ደኅንነትን፣ በጎነትን የሚመኝ ነው፤ ምልክቱም ከናዚዎች በሺህ የሚቆጠሩ ዓመታት ይቀድማል። ለማስረጃ ሩቅ መሄድ አያስፈልግም። በላሊበላ የቤተ ማርያምን መስኮቶች ቀና ብሎ ያየ ሰው ይህንኑ ቅርጽ በድንጋይ ተፈልፍሎ ያገኘዋል።

4.2 «አማልክታቸው ስፍር ቁጥር የላቸውም»

በሂንዱ እምነት ብዙ የመለኮት ስሞችና መልኮች አሉ። ቪሽኑ፣ ሺቫ፣ በልዩ ልዩ ስሞች የምትጠራው እናት አምላክ፣ የዝሆን ራስ ያለው ጋኔሻ፣ ሌሎችም። የብዛቱ ጥያቄ ግን ለአማኞቹ አዲስ አይደለም። ብሪሃዳራንያካ በተባለው ጥንታዊ ኡፓኒሻድ ውስጥ አንድ ጠያቂ ያጅናቫልክያ የተባለውን ጠቢብ አማልክት ስንት ናቸው ይለዋል። ጠቢቡ በመጀመሪያ ከሦስት ሺህ በላይ የሆነ ቁጥር ይሰጣል። ጠያቂው አሁንም ስንት ናቸው እያለ ሲደግም፣ መልሱ 33፣ ቀጥሎ 6፣ ቀጥሎ 3፣ ቀጥሎ 2፣ ቀጥሎ አንድ ተኩል፣ በመጨረሻም 1 ይሆናል። ለቅኔ ተማሪ የዚህ ምልልስ አካሄድ አዲስ አይሆንበትም፤ ጥያቄው አንድ ሆኖ ሳለ መልሱ ወደ ውስጥ ይወርዳል።

ከሂንዱ ፈላስፎች ብዙዎቹ የተለያዩት ስሞች የአንዱ ብራህማን መገለጫዎች ናቸው ይላሉ። ሌሎች አምላክ አንድ ነው፣ እሱም ቪሽኑ ነው፣ ወይም ሺቫ ነው ይላሉ። እውነተኛ ብዛትን የሚቀበሉም አይጠፉም። ስለዚህ «ብዙ አማልክት አላቸው» ማለት ጎዶሎ እንደሆነ ሁሉ «በእርግጥ የሚያመልኩት እንደ እኛ አንድ አምላክ ነው» ብሎ መዝጋትም ጎዶሎ ነው። የመጀመሪያው አባባል ያራርቃል፤ ሁለተኛው ደግሞ በፍቅር ስም የሌላውን እምነት ወደ እኛ እምነት ቀይሮ ይወስዳል።

ስለ ምስልም ተመሳሳይ ጥንቃቄ ያስፈልጋል። «ምስሉ ምልክት ብቻ ነው» የሚለው የደግ ሰው ማስተካከያ ሁልጊዜ ትክክል አይደለም። በጋኔሻ በዓል የሸክላው ምስል በጸሎት ይጋበዛል፣ ቀናቱ ሲያልቁ ይሰናበትና ውኃ ውስጥ ገብቶ ይሟሟል። ይህ ጭቃው በራሱ አምላክ እንዳልሆነ አማኙ እንደሚያውቅ በግልጽ ያሳያል። በቤተ መቅደስ ውስጥ ያለው ምስል ግን ፕራና ፕራቲሽታ በሚባል ሥርዓት ከተቀደሰ በኋላ ለብዙዎቹ አማኞች መለኮት በእውነት የሚገኝበት ነው፤ ይታጠባል፣ ይለብሳል፣ ምግብ ይቀርብለታል። በሰምና ወርቅ ብንመስለው፣ «ጣዖት» የሚለው ሰሙን ብቻ ሲያይ፣ «ምልክት ብቻ» የሚለው ደግሞ ሰሙን አቅልጦ ይጥለዋል። አማኙ ግን ወርቁን የሚያገኘው ከሰሙ ጋር ነው።

4.3 «ላም ያመልካሉ»

አብዛኞቹ ሂንዱዎች ላምን ያከብራሉ፤ ብዙዎቹም «እናት» ይሏታል። ወተቷን የምታጠጣ፣ የሚያርሰውን በሬ የምትወልድ፣ እበቷ ማገዶና ማዳበሪያ የሚሆን እንስሳ ናት። ክሪሽና በትውፊቱ የላም እረኛ ሆኖ ያደገ ነው። ሕይወት ያለውን አለመጉዳት፣ «አሂምሳ» የሚባለው መርሕ፣ ለዚህ ክብር ተጨማሪ ምሰሶ ነው። በአንዳንድ በዓላት ላም በአበባ ታሸበርቃለች፣ ፑጃም ይደረግላታል። ሆኖም ዓለምን የፈጠረች ናት ብሎ የሚያምን የለም።

የእኛ ገበሬ በእርሻ ላይ በሬውን በስሙ እየጠራ ያሞግሰዋል። በፈንታሌና በመተሐራ አካባቢ ያለው ከረዩ ለከብቱ የሚዘፍነውን የሰማ ሰው፣ ፍቅሩ ከሀብት ፍቅር ያለፈ መሆኑን ይረዳል። ይህን በቃል ሥነ ጽሑፍ ትምህርታችን «ውዳሴ» እንለዋለን። ተመሳሳዩ ውዳሴ ከህንድ ሲመጣ «አምልኮ» የሚሆነው ለምንድን ነው? ሁለቱ በሁሉም ነገር አንድ ናቸው ማለቴ አይደለም። የምጠይቀው ስለ መዝገበ ቃላት ምርጫችን ነው።

5. ለራሳችን ብዙ ግሥ፣ ለሌላው አንድ

አማርኛ በዚህ ረገድ ድኻ ቋንቋ አይደለም። ማክበር፣ መሳለም፣ መማጠን፣ ማወደስ፣ መባረክ፣ መስገድ፣ ማምለክ የሚሉ ግሦች አሉን። ምእመኑ ቤተ ክርስቲያን «ተሳለመ» እንላለን እንጂ ለበሩ መቃን ሰገደ አንልም። የኦርቶዶክስ ሊቃውንትም ለእግዚአብሔር ብቻ የሚቀርበውን የአምልኮ ስግደት ለመስቀል፣ ለሥዕልና ለቅዱሳን ከሚቀርበው የአክብሮት ስግደት ለይተው ያስተምራሉ። ይህን ልዩነት የማያውቅ የውጭ ሰው «ኢትዮጵያውያን ለእንጨትና ለሥዕል ይሰግዳሉ» ሲል ያስቆጣናል። ቁጣችን ትክክል ነው። የሰውዬው ዓይን ያየውን በትክክል አይቷል፤ ግሡ ግን የእኛ አይደለም።

ከዚህም የቀረበ ምሳሌ አለ። በየዓመቱ ከመስቀል በኋላ በቢሾፍቱ ሆራ አርሰዲ ኢሬቻ ይከበራል። እርጥብ ሣርና አበባ የያዘው ሕዝብ ውኃ ነክሮ ለዋቃ ምስጋና ያቀርባል። ስለዚህ በዓል «ለሐይቅ ይሰግዳሉ»፣ «ዛፍ ያመልካሉ» የሚል አባባል ለረጅም ዘመን ሲነገር ኖሯል። የዋቄፈና አማኞች ደግመው ደጋግመው የሚመልሱት፣ እኛ የምናመሰግነው ውኃውንና ዛፉን የፈጠረውን ዋቃን ነው፤ ኦዳው ሥር፣ ሐይቁ ዳር መቆማችን ልምላሜው የሱን ሥራ ስለሚያሳየን ነው የሚል ነው። ከአዳማ በአንድ ሰዓት ተኩል የማይሞላ መንገድ ላይ ያለ፣ ብዙዎቻችን በቤተሰብም የምናውቀው በዓል ይህን ያህል ከተዛባ፣ ከባሕር ማዶ የመጣው እምነት መዛባቱ አያስደንቅም። የኢሬቻን ምላሽ የሰማ ጆሮ ግን የህንዳዊውንም ምላሽ ለመስማት ቀድሞ ተዘጋጅቷል ማለት ነው።

6. በአክብሮት መመለስ እንዴት ነው?

ከተማሪዎቼ አንዷ በጽሑፍ ልምምዷ ያቀረበችው አጭር ምልልስ ከብዙ ትንታኔ ይልቅ ነገሩን ያስረዳል። በበዓሉ ማግስት አዲስ የተቀጠረች ልጅ በስፌት መስመሩ ላይ፣

«ሰው እንዴት ለማሽን ይሰግዳል? ጉድ እኮ ነው!» ትላለች።

ከጎኗ ያለችው ነባር ሠራተኛ እጇን ከሥራው ሳታነሳ፣

«የኔ እህት፣ ጋሼ ባለፈው አዲሷን ባጃጃቸውን ጠበል ሲያስረጩ አብረሽ እልል ብለሽ የለ?»

«እሱማ ለበረከት ነው። ከአደጋ እንዲጠብቃቸው።»

«እነሱም ለዚሁ ይሆናላ። ለምን ራሱን አትጠይቂውም?»

ነባሯ ሠራተኛ ሦስት ነገሮችን አድርጋለች። አንደኛ፣ ልጅቱን አላሳፈረቻትም፤ «መሃይም» አላለቻትም። የተዛባ አባባልን በስድብ የሚመልስ ሰው ተናጋሪውን ዝም ያሰኘዋል እንጂ አያሳምነውም። ሁለተኛ፣ ልጅቱ ከምታውቀው ተነስታ ወደማታውቀው ወስዳታለች፤ የራሷን ግሥ ከራሷ አፍ አውጥታለች። ሦስተኛ፣ በህንዳዊው ፈንታ መልስ አልሰጠችም። «ይሆናላ» ብላ ግምቷን ግምት አድርጋ ትታ፣ ጥያቄውን ወደ ባለቤቱ መርታለች። በአክብሮት የሚሰጥ ምላሽ ከዚህ የበለጠ ሥነ ሥርዓት ያለው አይመስለኝም።

በዚህ ላይ ሁለት ማሳሰቢያዎች መጨመር ይገባል። የመጀመሪያው፣ አክብሮት ማለት ነውርን መሸፈን አለመሆኑ ነው። ስለ ዘር መደብ ሥርዓት፣ በተለይም «አይነኬ» ተብለው ስለ ተገፉት ወገኖች ሲነሳ፣ «እሱ ሃይማኖታቸው ነው፣ አይነካም» ማለት አክብሮት አይደለም። የህንድ ሕገ መንግሥት በአንቀጽ 17 ይህን ልማድ ሽሯል፤ ሕገ መንግሥቱ ከፀናበት ከእ.ኤ.አ. 1950 ጀምሮ የተከለከለ ነው። የአርቃቂ ኮሚቴው ሰብሳቢ አምቤድካር ራሳቸው ከተገፉት ወገን የተወለዱ ሲሆኑ፣ እ.ኤ.አ. በ1956 የሂንዱን እምነት ትተው ቡድሂስት ሆነዋል። በሌላ በኩል ጋንዲ በእምነታቸው ውስጥ ሆነው ይህንኑ በደል ተቃውመዋል። በላም ጥበቃ ስም በሙስሊሞችና በተገፉ ወገኖች ላይ የተፈጸሙ ጥቃቶችንም የሚያወግዙ ሂንዱዎች አሉ። ነቀፋው በቤቱ ውስጥ ካለ፣ የውጭው ሰው የቤቱን ተቺዎች ቃል ጠቅሶ መናገር ይችላል። በእኛም አገር ሸክላ ሠሪውንና ቀጥቃጩን «ቡዳ» እያልን ከማዕድ ስናርቅ መኖራችንን ያስታወሰ ሰው፣ ነቀፋውን ከትሕትና ጋር ያቀርበዋል።

ሁለተኛው ማሳሰቢያ የሥራ ቦታን ይመለከታል። በፋብሪካ ውስጥ የሠራተኛው ቅሬታ ብዙ ነው፤ የደመወዝ ማነስ፣ የሰዓት ርዝመት፣ የተቆጣጣሪ ቁጣ። እነዚህ እውነተኛ ቅሬታዎች ሲታፈኑ አንዳንድ ጊዜ በሃይማኖት ስድብ መልክ ይፈነዳሉ። «ይሄ ላም አምላኪ» የሚለው ቃል በሥሩ «ደመወዜ አልበቃኝም» የሚል ሊሆን ይችላል። እንዲህ ሲሆን ሁለት በደል ይደርሳል። የተሰደበው ሰው ባልሠራው ነገር ይዋረዳል፤ የሰደበውም እውነተኛ አቤቱታውን ያጣዋል። ምክንያቱም ስድቡ የሰማው አለቃ ስለ ስድቡ እንጂ ስለ ደመወዙ አይጠይቅም። ቅሬታን በራሱ ስም መጥራት ለሁለቱም ወገን ይበጃል።

7. መደምደሚያ

ከላይ እንደ ታየው፣ ስለ ሂንዱ እምነት የሚነገሩት ሦስቱ አባባሎች አንድ የታየ ነገር ይዘው ተነስተው በግሥ ምርጫ ይዛባሉ። የሚያቃናቸውም ሰው የሂንዱን እምነት መቀበል፣ ወይም የራሱን እምነት ማላላት አይጠበቅበትም። ሦስት ጥያቄዎች ይበቁታል። የምናገረው ስለ ማን ነው፤ ስለ ህንዳዊ ሁሉ፣ ስለ ሂንዱ ሁሉ ወይስ ስለዚህ ሰው? ባለቤቱ ራሱ ድርጊቱን ምን ይለዋል? ተመሳሳዩን እኛ ብናደርገው በየትኛው ግሥ እንጠራው ነበር?

ለተማሪዎች አንድ የጥናት መስክ መጠቆም እወዳለሁ። ዛሬ እንደ ዜ ዓለም ባሉ የቴሌቪዥን ጣቢያዎች የህንድ ተከታታይ ድራማዎች በአማርኛ ድምፅ እየቀረቡ ነው። በእነዚህ ድራማዎች ውስጥ ጸሎት፣ ምስል፣ ጾምና በዓል በየዕለቱ ይታያሉ። ተርጓሚው «ፑጃ»ን በየትኛው የአማርኛ ቃል እንደሚመልሰው፣ የመለኮት ስሞችን እንዴት እንደሚያስቀምጥ ማጥናት እጅግ ጠቃሚ ነው። እንባቆም በ16ኛው ክፍለ ዘመን ያደረጉትን የቃላት ምርጫ ዛሬ የሚያደርጉት የድራማ ተርጓሚዎች ናቸው። ልዩነቱ የእንባቆም አንባቢ ህንዳዊውን የማግኘት ዕድል ያልነበረው መሆኑ ነው። የዛሬው ተመልካች ግን ማታ በድራማው ያየውን፣ ጧት በስፌት መስመሩ ላይ ለባለቤቱ ጠይቆ ሊረዳ ይችላል።